የጥንዱ ምስክር

የጅቡቲ መስመር ሹፌር እግሩ መሬት የሚነካው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ጋቢናው ከመታሸጉ በፊትና ሞጆ ደረቅ ወደብ ማኅተሙ ከተቆረጠ በኋላ። በመካከል ያሉት ሦስት ቀናት ጋቢና ውስጥ ያልቃሉ። ሹፌሩ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይጸልያል። ሌላውንም የሰው ነገር እዚያው ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህኛው ሲጠየቁ ሹፌሮች ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም። ምግብ በበሩ ሥር ባለች መሳቢያ ይገባል፣ ባዶው ሳህን በዚያችው መሳቢያ ይወጣል። ደንቡ ሲወጣ ለአንድ ወረርሽኝ፣ ለዘጠና ቀን ብቻ ተብሎ ነበር። ወረርሽኙ አለፈ፤ ሌላ መጣ፣ እሱም አለፈ። ደንቡ ግን ለሦስት ቀን መጥቶ እንደከረመ ዘመድ ቤቱን ለመደው። በ2079 ዓ.ም. መስመሩ ላይ ከሚሠሩት ሹፌሮች መካከል ያለ ማኅተም የነዳ አንድም ሰው አልነበረም።

ናሆም አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ስምንት ዓመት በዚህ መስመር ነድቶ ዘጠና ዘጠኝ ንጹሕ ጉዞ አስመዝግቧል። ንጹሕ የሚባለው ሳይጠረጠሩ፣ መንገድ ላይ ሳይታገዱ፣ ማኅተሙም ሳይነካ ሞጆ የደረሱበት ጉዞ ነው። መቶ የሞላለት ሹፌር ክፍት በር የሚባለውን ፈቃድ ያገኛል። ክፍት በር ያለው ሰው ድንበር አይሻገርም፤ ከሞጆ ሐዋሳ፣ ከሞጆ ጅማ እየነዳ፣ በፈለገበት ወርዶ ውኃ ጠጥቶ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ማኅተም ያለበት ግን ከጉዞ ሲመለስ እንኳ የሚያድረው በሹፌሮች ሰፈር ነው፤ ቤተሰቡን በሳምንት ለአንድ ሰዓት በመስተዋት ወዲያ ያያል። የናሆም ልጅ ሃሴት ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷን በወረቀት ስትስል ከደረት በላይ ብቻ ነበር የምትስለው፤ መስተዋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነዋ። ሚስቱ ኤልዳና ሥዕሉን እያሳየችው ትስቅ ነበር። እሱም አብሯት ይስቅና ሰፈሩ ሲመለስ ምሳው አይበላለትም።

መኪኖቹ የሚጓዙት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። በአንዱ ጥንድና በሌላው መካከል አሥር ኪሎ ሜትር ይለቀቃል። ጥንዶቹ አንዱ የሌላው የጤና ምስክር ናቸው። በቀን አምስት ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሣጥን ትጮህና «ጥንድህ እንዴት ነው?» ትላለች። ሹፌሮች አማት ይሏታል፤ ጠያቂ ናት፣ መልሱን ግን አታምንም ይላሉ። ሹፌሩ በሬዲዮ ባልደረባውን ሰላም ብሎ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ከሁለት ቁልፎች አንዱን ይጫናል፤ ወይ ደህና፣ ወይ አጠራጣሪ።

እዚህ የተደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ትኩሳት የሚለካ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው አፋር በረሃ ላይ የአገሩን ሙቀት እየለካ ሹፌሩን ሁሉ በሽተኛ አደረገውና፣ አንድ ግንቦት ስምንት መቶ መኪና ለሦስት ሳምንት ገትሮ አቆመ። ቀጥሎ ሹፌሩ ስለራሱ ይናገር ተባለ። ሹፌርም ሰው ነውና ጋቢናው ሲሰለቸው «አሞኛል» እያለ መውረድ አበዛ። ስለዚህ ሹፌር ስለራሱ ሕመም የሚሰጠው ቃል እንዳይያዝለት፣ ከተናገረም ሥራ ለማስተጓጎል እንደሞከረ እንዲቆጠርበት ተደነገገ። የቀረው ሰው በሰው ላይ መመስከር ሆነ። ምስክርም በዋዛ አፉን እንዳይከፍት ተብሎ፣ አጠራጣሪ የሚለው ቁልፍ ከተጫነ ሁለቱም ሹፌሮች ቅርብ ባለው ማቆያ አርባ ቀን እንዲቀመጡ፣ የሁለቱም ንጹሕ ጉዞ ከዜሮ እንዲጀምር ተደረገ።

የናሆም ጥንድ ጋሽ ያብስራ ነበር፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው። ያብስራ ዛሬ የሽማግሌ ስም ሆኗል፤ እሱ ልጅ ሳለ ግን በአንድ ክፍል አምስት ያብስራ ይገኝ እንደነበር፣ መምህሯም በቁጥር ትጠራቸው እንደነበር ይተርካል። ሰላምታው ረጅም ነው። አማት በጮኸች ቁጥር ናሆም አፉን ሳይከፍት እሱ ይቀድማል። «ናሆሜ እንዴት አደርክ? እማማ ደህና ናቸው? ሃሴት ደህና ናት? ኤልዳናስ? ጉልበትህን ተሻለህ? ያ የጎረቤታችሁ ውሻ አሁንም አላስተኛ ብሏቸዋል?» ይህን ሁሉ ሳይጨርስ ስለራሱ አይናገርም። ሲናገርም «እኔማ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በአገራችን ወግ ደህና ነህ ወይ ሲባል አይደለሁም ብሎ የሚጀምር ሰው የለም። እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና፣ ተመስገን» ይልና ስለ እግሩ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች የዚህ አገር ልጆች ሆነው ሳለ ይህን እንዴት እንደረሱት የሚያውቅ የለም።

በሬዲዮ የሚባለው ሁሉ ስለሚቀዳ ሹፌሮቹ የምር ጉዳያቸውን በመብራት ነበር የሚያወሩት። የግራ ፍሬቻ አንዴ ብልጭ ካለ ከፊት ፍተሻ አለ ማለት ነው። የቀኙ ብልጭ ሲል ደግሞ እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው፣ አጫውተኝ ነው። አራቱም ፍሬቻ አንድ ላይ ሲበሩ ግን ሌላ ትርጉም የላቸውም፤ ተናገርልኝ ማለት ነው። ታምሜያለሁ፣ በራሴ አፍ ማለት አልችልም፣ አንተ በልልኝ። ይህን መብራት በቀልድ ያበራ ሹፌር ተሰምቶ አያውቅም።

ናሆም ራሱ አንድ ጊዜ አብርቶታል። ከስድስት ዓመት በፊት ገዋኔ አጠገብ ወባ ሲያንቀጠቅጠው፣ ከኋላው ለሚከተለው ለጋሽ ያብስራ አራቱንም ፍሬቻ አበራ። ሁለተኛው ብልጭታ ሳያልቅ ጋሽ ያብስራ ቁልፉን ተጭኖለት ነበር። አርባ ቀን አብረው ማቆያ ተቀመጡ። ጋሽ ያብስራ ያኔ ሰማንያ ሦስት ንጹሕ ጉዞ ነበረው፤ ከማቆያ ሲወጣ ዜሮ ሆነ። ናሆም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሊል ሲጀምር፣ «ሰማንያ ሦስት ጊዜ ሞጆ ደርሼ ምን አገኘሁ? ተወው እባክህ» አለና ወሬውን ወደ ጎረቤት ውሻ መለሰው።

የናሆም መቶኛ ጉዞ በግንቦት ወር ዋለ። የጫኑት የወተት ዱቄት ነበር። ጋሽ ያብስራ ፊት፣ ናሆም ኋላ ሆነው ከጅቡቲ ወጡ፤ ማታ ገላፊ ኬላ ደርሰው አደሩ። በማግስቱ ጠዋት አማት ስትጮህ ጋሽ ያብስራ እንደ ልማዱ ቀደመ።

«ናሆሜ እንዴት አደርክ? እማማ ደህና ናቸው?»

ናሆም ሃሴትን፣ ኤልዳናን፣ ጉልበቱንና ውሻውን ጠበቀ። አልመጡም።

«ደህና ናቸው። አንተስ እንዴት አደርክ ጋሽ ያብስራ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር…» አለና ትንፋሽ ሳበ፣ «ይመስገን።»

ናሆም ደህና የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ ከፊቱ ካለው መኪና መሳቢያ ፍርፍሩ እንዳለ፣ ሳይነካ ሲወጣ አየ። ሽማግሌ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ምግብ አይገባለትም አለ ለራሱ። እንዲህ ብሎ ሲያበቃ ታዲያ ጋሽ ያብስራ በስምንት ዓመት ውስጥ ፍርፍር መልሶ እንደማያውቅ ትዝ አለው። ሞጆ ለመድረስ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ቀርቷል። ኤልዳና ቤቱን ቀለም አስቀብታለች፤ ሃሴት አባቷ ማታ የሚተኛው ከግድግዳው በኩል ይሁን ከበሩ በኩል እያለች ከእናቷ ጋር መከራከር ከጀመረች ሳምንቷ ነው።

ዶቢ ሜዳ ሲደርሱ ሙቀቱ አርባ ስድስት ሆነ። መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ ናሆም የፊተኛውን ጋቢና በጎን አየው። ጋሽ ያብስራ ጋቢ ተከናንቦ ነበር። ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው የሚነዳው።

መንገዱ ሲቃና የፊተኛው መኪና አራቱም ፍሬቻዎች በሩ። አንዴ፤ ደግሞ አንዴ።

ናሆም አየ። አየና ዓይኑን ከመንገዱ ወደ ዳሽቦርዱ አወረደ። ዳሽቦርዱ ላይ አቧራ ነበር፤ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ወዲያ ያየውን ለራሱ እንኳ ተርኮት አያውቅም።

ያደረገው ግን በመዝገብ አለ። ሬዲዮውን አነሳና «ጋሽ ያብስራ፣ ደህና ነህ?» አለ። «ደህና… ተመስገን» ተባለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አማት ሳትጮህ ደግሞ ጠየቀ። ሰርዶ ሳይደርሱ ጠየቀ፣ ሰመራን ከዙሪያዋ ግንብ ውጭ ሲያልፏት ጠየቀ፣ ሎጊያም ላይ ጠየቀ። በጠየቀ ቁጥር የሚመጣውን መልስ አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም ነበር የሚጠይቀው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ሰው ሌላውን ደህና ነህ ወይ እያለ ሲገድል እንዲህ ነው። ናሆም ያን ቀን በዚህ ቃል አላሰበውም፤ በኋላ ግን ሌላ ቃል ቢፈልግለት አጣለት።

ሎጊያን እንዳለፉ ጋሽ ያብስራ በራሱ ጊዜ ሬዲዮውን ከፈተ። 

«ናሆሜ» አለ። «ሃሴትስ… ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን» አለ ናሆም።

«ተመስገን» አለ ጋሽ ያብስራ።

ሚሌ ኬላ ላይ የሚቆም መኪና ሁሉ አራቱንም ፍሬቻ ማብራት ግዴታው ነው። የጋሽ ያብስራ መኪና ፍሬቻው በርቶ መዝጊያው ፊት ቆመ። መዝጊያው ተነሳ። «ይለፉ» አለ የመዝጊያው ድምፅ ማጉያ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። መዝጊያው ወረደ፣ ተነሳ፣ «ይለፉ» አለ። ሦስተኛው ላይ ናሆም ክላክስ ነፋ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከቢሮ ወጥተው በመስተዋቱ አዩና ተመለሱ። የታሸገ ጋቢና ለመክፈት ፈቃድ ከላይ መምጣት አለበት፤ ፈቃዱ ስድስት ሰዓት ፈጀ። ሲመጣም ሰዎቹ አልሮጡም፤ ኬላ ላይ መሮጥ ክልክል ነው። በሩ ሲከፈት ጋሽ ያብስራ ሞቶ ነበር።

ናሆም አርባ ቀኑን አልተቀመጠም። ማቆያ የሚገባው የአጠራጣሪ ሰው ጥንድ ነው፤ ሟች ደግሞ አጠራጣሪ አይባልም። ከኋላ ከመጣ ጥንድ ጋር ሦስተኛ አድርገው ላኩት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞጆ ገባ፣ ማኅተሙ ተቆረጠ፣ መቶ ሞላ።

በሳምንቱ የመስመሩ ጤና ጽሕፈት ቤት ጠራው። ጉዳዩን የያዘችው ፊቷ ያልተኮሳተረ፣ እጇ ቶሎ ቶሎ የሚሠራ ሴት ነበረች። ቅጂውን ሰምታዋለች፤ ወይም ማሽኑ ሰምቶ ቆጥሮላታል።

«በዚያን ቀን አምስት ጊዜ መጠየቅ ሲገባህ አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቀሃል» አለችው። «አሥራ አንዱንም ጊዜ ደህና ነኝ ብሎሃል። አንተ ነፃ ነህ። የምስጋና ደብዳቤም ተጽፎልሃል።»

«እሱስ?» አለ ናሆም።

«ደባቂ ነው።»

ሕጉ እንደዚያ ነው። ሹፌር ታምሜያለሁ ካለ ቃሉ አይያዝለትም፤ ደህና ነኝ ካለ ግን ይያዝበታል። ደባቂ የተባለ ሰው አስከሬን ወደ አገሩ አይሄድም። ሚሌ ወጣ ብሎ በአጥር የተከለለ ሜዳ አለ፤ እዚያ ይቀበራል፣ በስሙ ፈንታም የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ይተከልለታል። እድሩ ድንኳን እንዲጥልለት አይፈቀድም። ለቅሶ የሚደርስ ሰውም በስውር ነው የሚደርሰው፣ ሰው ቤት እንደሚገባ ሌባ ግራ ቀኙን አይቶ።

ናሆም ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ሃሴት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። አቀፈችው፤ ከዚያ ፈቀቅ ብላ ጫማዎቹን ለረጅም ጊዜ አየች። ማታ እንደተመኘው ቤቱ ተኛ። ሌሊቱን ሁሉ ግን ጣሪያ ላይ አፍጥጦ አደረ፤ ኤልዳና «ገና አልለመድከውም» አለችው። አልነገራትም። ለማን ይናገር? የሚናገርለትን ሰው እሱ ነው ያልተናገረለት።

ከሞቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የጋሽ ያብስራ ሚስት እትዬ ሶልያና መጣች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ነጠላዋን ብቻ ዘቅዝቃዋለች። ኤልዳና ልታለቅስ ስትል በዓይኗ ከለከለቻት። ተቀመጠች፣ ውኃ ጠጣች፣ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ በስም ጠየቀች። ይህን ጠባይ ከባሏ ይሁን ባሏ ከሷ የወሰደው፣ አርባ ዓመት ግድም አብሮ የኖረ ሰው አይለይም።

«ለክስ አልመጣሁም ናሆም» አለች። «ድምፁን ፈልጌ ነው። ቅጂውን የሚያገኘው ምስክሩ ብቻ ነው አሉኝ።»

ናሆም ቅጂውን በስልኩ አወጣላት። ኤልዳና ሃሴትን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለቱ ተቀምጠው አሥራ አንዱንም ሰሙ። የናሆም ድምፅ ጥርት ያለ ነው፣ ይጠይቃል፤ የጋሽ ያብስራ ድምፅ እያነሰ እያነሰ ይመልሳል። ሃሴትስ ደህና ናት የሚለው ላይ ሲደርስ እትዬ ሶልያና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቅጂው አበቃ።

«ይሄ የደህና ሰው ድምፅ ነው?» አለችው።

ናሆም መሬት መሬት እያየ «አይደለም» አለ።

«አንተም ያኔ እንደዚህ ነው የሰማኸው?»

«እንደዚህ ነው።»

«ያብስራ እኮ» አለች፣ «ቤታችን አጠገብ ባለፈ ቁጥር መብራት አብርቶልኝ ነው የሚያልፍ። ነገሩ ሁሉ በመብራት ነበር። ለአንተ አላበራልህም?»

«አላየሁም» አለ ናሆም።

እትዬ ሶልያና ጥቂት አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ድምፁ እንዳላማረህ ብቻ ንገርልኝ» አለች። «ሌላ አልፈልግም። አስከሬኑ ይምጣልኝ፣ ድንኳን ይጣልለት። በሰሌዳ ቁጥር አይቀበርብኝ።»

በማግስቱ ጠዋት አብረው ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ያችው ሴት ነበረች። ናሆም ቃሉን ሊያሻሽል እንደመጣ ሲነግራት እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ። አንድ ገጽ ከፍታ ወደ እሱ አዞረችለት። በገጹ ላይ ሦስት መልሶች ነበሩ፤ አላወቅሁም፣ ጠርጥሬ ነበር፣ አውቅ ነበር። የመጀመሪያው ከዚህ በፊት የመለሰው ነው፣ ምልክት ተደርጎበታል።

«ወንድሜ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የቀሩት ሁለቱም ለሟቹ አንድ ናቸው። በየትኛውም ቢሆን ደባቂነቱ ይሰረዝለታል፣ አስከሬኑም ይለቀቃል። ለአንተ ግን አንድ አይደሉም። ጠርጥሬ ነበር ካልክ ፈቃድህ ለስድስት ወር ይታገዳል፣ ከዚያ ትመለሳለህ። አውቅ ነበር ካልክ ዕድሜ ልክህን መሪ አትይዝም። እንደገናም አይታይልህም።»

ናሆም ወደ እትዬ ሶልያና ዞረ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ግቢውን ታይ ነበር፤ እንደማትሰማ ሆና። ሰው ለሰው ከዚህ የበለጠ አያደርግም። እሱም ይህን ተረዳው፤ ተረዳውና የመሐለኛውን ተጫነ።

ቃሉን ካሻሻለ በአሥረኛው ቀን አስከሬኑ መጣ። የብረት ሣጥኑ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን የሰሌዳ ቁጥር የእድሩ ሰዎች በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ስሙን ከነአባቱ ጻፉበት። ሞጆ ከነሹፌሮቿ ወጣች። ማኅተም ያለባቸው እንኳ በሹፌሮች ሰፈር መስተዋት ወዲያ ተሰልፈው አስከሬኑ እስኪያልፍ ቆሙ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኢዮስያስ ተነስቶ ተናገረ። ስለ ሟቹ ደግነት ተናገረ፣ ስለ ረጅም ሰላምታው ተናገረና ሰውን አሳቀ። ከዚያ ወደ ናሆም እጁን ዘረጋ።

«ይህ ልጅ» አለ፣ «ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ደብዳቤ ተጽፎለት፣ በሩ ተከፍቶለት፣ ሁሉ ተሟልቶለት ነበር። እንጀራውን አሳልፎ ስለ ወንድሙ እውነቱን ተናገረ። እንዲህ ያለ ጥንድ ለሁላችን ይስጠን።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ ሙሉ ሰው። ከአጠገቡ የነበረ አንድ ሽማግሌ የናሆምን ትከሻ ሳመው። ናሆም መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። መሬት ደግሞ ለተመኛት ሁሉ አትከፈትም። አንገቱን ደፋ፤ ሰዎቹ ኀዘን መሰላቸውና ውኃ ስጡት ተባባሉ።

ተነስቶ ወጣ። እትዬ ሶልያና ከድንኳኑ ጀርባ የውኃው በርሜል ዘንድ ቆማ እጇን ትታጠብ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እትዬ ሶልያና፣ ያን ቀን አላየሁም ያልኩሽ… አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ሳትዞር። «አላየሁም ስትል ቶሎ አልክ።»

ቧንቧውን ዘጋችው። እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና ዞረች።

«ስንት ጊዜ አበራልህ?»

ናሆም ሁለት ጊዜ ሊል አፉን ከፈተ። ሁለት ጊዜ ማለት ይቀል ነበር፤ ለራሱም እስከዚያች ሰዓት ሁለት ጊዜ ነበር የሚለው። ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ሳህን ያቀባብላሉ፤ አንዱ ጮክ ብሎ ስሙን እየጠራ ናሆም የት ሄደ ይላል።

«ከዶቢ ጀምሮ እስከ ሚሌ አላጠፋውም» አለ።

 የበርሜሉን ጠርዝ ያዘች።

«ስንት ሰዓት ነው እሱ?»

«አራት ሰዓት።»

«አራት ሰዓት» አለች።  በኋላ ስትናገር ድምፅዋ ለልጅ የቤት ሥራ የሚያዝ ሰው ድምፅ ነበር። «ስማ ናሆም። ይህን ለማንም እንዳትናገር። ለእድሩም፣ ለሚስትህም፣ ለንስሐ አባትህም ቢሆን። ያብስራ ደብቆ ሞተ ሲሉት ችዬዋለሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ሲለምን እንቢ አሉት እየተባለ ስሙ እንዲነሳ ግን አልፈልግም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«በል አሁን ግባ፤ ሰው እየጠበቀህ ነው። ያንተ ሳህን ሳይነሳ እነሱም አይበሉም።»

ናሆም ገባ። ጋሽ ኢዮስያስ ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ አስቀመጠው፣ የመጀመሪያውንም ጉርሻ በእጁ አጎረሰው።